ከግድግዳው ሠላሳ እርምጃ

ሎስ ማኪስ በምትባለው የተራራ ሥር መንደር ወንድ የሚመዘነው በማገዶው ነው። ጥር ገብቶ የክረምት ማገዶውን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ያልደረደረ ሰው፣ ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ ምንም ሳይናገሩ በዓይናቸው ብቻ ሰነፍ ብለውት ያልፋሉ። ዶን ሮሳሜል በዚህ በኩል የሚደርስበት አልነበረም። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ጉልበቱም እየከዳው ነው። የእንጨት ክምሩ ግን ዛሬም በውሃ ልክ የተገነባ ይመስላል። ግራሩን እኩል እኩል ፈልጦ ከፊት በር እስከ ማድቤቱ ጥግ ሲደረድረው፣ ከመሃል አንዱን ብትመዙ እንኳ ክምሩ አይነቃነቅም። አበልጁ ዶን ባውዲሊዮ በየዓመቱ እየመጣ ክምሩን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «አበልጄ፣ ይህንንስ ማንደድ ኃጢአት ነው» ይለዋል። ሮሳሜል ዓመቱን ሙሉ ወገቡን የሚሰብረው ለዚህች ቃል ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እህቱ ኦቲሊያ ጡረታ ወጥታ በታኅሣሥ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ክምር ነው። ኦቲሊያ ሃያ ሁለት በጋ የደን እሳት የሚያጠፉ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። ቦሎቄውን እየጨለፈች ስትሰጣቸው የሚያወሩትን ሁሉ ትሰማ ነበር፤ የትኛው ቤት በምን ምክንያት እንደ ነደደ፣ የትኛው በምን እንደ ተረፈ። ሌላው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ የእጅ ሰዓት ይሸለማል፤ እሷ ያንን ሁሉ ወሬ ተሸልማ መጣች። ቁመቷ ከወንድሟ ትከሻ አይደርስም፤ ምላሷ ግን ከሱ ይረዝማል።

ሻንጣዋን ሳታስገባ ቤቱን አንዴ ዞረችው። ደገመችና ዞረችው። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመች።

«ሮሳሜል፣ እማማን ከዚህ ለማውጣት ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

«የት ልወስዳት?»

«እሳት ቢመጣ ነዋ!»

እናታቸው ዶኛ ሱኒልዳ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወርደው አያውቁም። ወደ ከተማ የሚወርደው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ የጥድና የባሕር ዛፍ ተክል።

«መንገዱ ከተዘጋ እማማን ተሸክመን የትም አንደርስም» አለች ኦቲሊያ። «ስለዚህ ቤቱ ራሱ መቆም አለበት። ክምርህ ከግድግዳው ይነሳል። ሠላሳ እርምጃ።»

«ክምሬ?»

«አዎ፣ ክምርህ! ቀድሞ ነው እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ የካቲት ላይ ድስት ጥጄ አላለቅስም።»

ሮሳሜል ሳቀባት። ሳቁ እስከ ማግስቱ ጠዋት ቆየ፤ ጠዋት የእጅ ጋሪ ሲንጫጫ ሰምቶ ሲወጣ የክምሩ አንድ ጫፍ የለም።

ጠብ ሆነ። ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። ነገር ግን ሮሳሜል የሥራ ሰው ነው፤ ጥሩ ሥራ ካየ ሳያውቀው ቆሞ ያያል። እህቱ እንጨቱን ሜዳው ላይ ዘርግፋ አልሄደችም። እሱ እንደ ደረደረው፣ ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ፣ ፍልጡን ወደ ውጭ አድርጋ ነው ሠላሳ እርምጃ ርቃ መልሳ የሠራችው። ክፉ ነገር ሊናገራት መጥቶ ከመሃል አንዱን ፍልጥ መዘዘ፤ ክምሩ አልተነቃነቀም።

ከዚያ በኋላ ያላደረገችው የለም። በስልሳ አራት ዓመቷ መሰላል ላይ ወጥታ አሸንዳው ውስጥ የተኛውን የስንት ዓመት ደረቅ ቅጠል በእጇ እየዛቀች ጣለችው። በቤቱ ዙሪያ አምስት እርምጃ ያህል ሣሩን ከነሥሩ ፍቃ የወንዝ ጠጠር አለበሰችው። የወለሉን ሥር ክፍተት በወንፊት ሽቦ ደፈነች። በረንዳውን የከበበውን የጥድ አጥር ነቅላ፣ ራቅ አድርጋ ሬትና ቁልቋል ተከለች። የኮክ ዛፎቹን አልነካችም፤ የታችኛውን ቅርንጫፋቸውን መልምላ ሥራቸውን ጠርጋ ውሃ አጠጣቻቸው እንጂ።

«እሳት መሰላል ካላገኘ አይወጣም» ትለዋለች ጠጠሩን እየደለደለች። «ሣሩ አንድ ደረጃ፣ ቁጥቋጦው ሁለት፣ ቅርንጫፉ ሦስት፤ ከዚያ ጣሪያህ ላይ ነው። እኛ ደረጃውን እንነሳዋለን። ፍንጣሪው ግን ይበራል። ፍንጣሪ ደግሞ እንደ ድመት ነው፤ የሚተኛበት ደረቅ ጥግ ነው የሚፈልገው።»

በእናታቸው መስኮት ላይ የተንጠላጠለው የጃስሚን ሐረግ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ሰነፈ። ገብታ አስፈቀደች።

«ቁረጪው» አሉ ዶኛ ሱኒልዳ። «አባታችሁ የተከለው ነውና ቅር እንዳይለው ብዬ ነው እንጂ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስነጥሰኝ ነው የኖረው።»

የመንደሩ አፍ ግን ዝም አላለም። ባውዲሊዮ መጥቶ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አበልጄ፣ ምነው ቤትህ ተላጨ? የለቅሶ ቤት ሆነ እኮ! ኮኮቹንም መልምላቸዋለች፤ ወታደር ልታደርጋቸው ነው?»

«እሷን ጠይቃት» አለ ሮሳሜል አንገቱን ደፍቶ።

«ማገዶህስ? ተጣልታችሁ አባረርከው?»

የእሑዱ ደግሞ ባሰ። ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ ባዶውን ግድግዳ አይተው ሮሳሜልን አዩት። ያንን እይታ ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ነበር የሚያውቀው።

ኦቲሊያ ሐሙስ ሐሙስ የእናቷን መድኃኒት ለማምጣት ወደ ከተማ ትወርዳለች። በጥር የመጀመሪያው ሐሙስ ሮሳሜል አንድ ጋሪ እንጨት ከሜዳው አምጥቶ ከጓሮው ግድግዳ ጋር፣ ከራሱ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ደረደረ። አንዲት ረድፍ ብቻ፤ ወገቡ ድረስ። ጠዋት ሲነሳ የሚያያት ነገር ፈልጎ ነው። አሮጌ በር አስደግፎ ከለላት። በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ አላስችል ብሎት ባውዲሊዮን ጠርቶ በሩን ገለጥ አድርጎ አሳየው። ባውዲሊዮም በመዳፉ መታ መታ አደረጋት።

በዚያው ሰሞን ጓሮ፣ ከአሮጌው በር አጠገብ፣ ውሃ የሞላ በርሜል ተቀመጠ። ባልዲ ተደፍቶበታል፤ ረጅም እጀታ ያለው የብረት መንጠቆም ተደግፎታል። ሮሳሜል እህቱ ለዶሮዎቹ ያስቀመጠችው መስሎት አለፈ። ዶሮ በመንጠቆ ምን ታደርጋለች ብሎ አልጠየቀም።

ፑዌልቼ የሚሉት የምሥራቁ ደረቅ ነፋስ በየካቲት ተነሣ። ሦስት ቀን ነፈሰ። በአራተኛው ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ ከተራራው ጀርባ ቢጫ ጢስ ወጣና ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀላች። መንደርተኛው በያገኘው መኪና ወረደ። ባውዲሊዮና ሚስቱ የወረዱት መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ የጭነት መኪናቸውን ጠጠሩ ላይ አቁመው እየሮጡ መጡ።

«መንገዱ ተያያዘ!» አለ ባውዲሊዮ። «ኦቲሊያ፣ የት እንግባ?»

ኦቲሊያ በበጋው ከሱ አፍ የሰማችውን ፌዝ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ልትመልስለት ትችል ነበር። በሩን ከፈተችላቸው።

«ግቡ። ጫማ እንዳታወልቁ፤ ሥራ አለ።»

እሳቱ ሲመጣ ሮሳሜል እንደ ጠበቀው እንደ ግድግዳ ሆኖ አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው ፍንጣሪው ነው፤ እንደ በረዶ ጣሪያው ላይ እየተንጣጣ። ጠጠሩ ላይ ወደቀ፤ ጠቆረ፤ ሞተ። አሸንዳው ውስጥ ገባ፤ የሚበላው አጣ። የወለሉ ሥር ገብቶ ሊተኛ ፈለገ፤ ሽቦው መለሰው። ሮሳሜል እርጥብ ጆንያ ይዞ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቆመና ተደነቀ። እህቱ በዚያ በጋ አንዲት ድንጋይ በከንቱ አላስቀመጠችም።

«ምንድን ነው የሚንጣጣው?» አሉ እናታቸው ከውስጥ።

«በቆሎ እየቆላን ነው፣ እማማ!» አለች ኦቲሊያ።

ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ላይ ያለው ክምር ተያያዘ። የስንት ወር ድካም አንዴ ቦግ ብሎ ነደደ፤ ነበልባሉ ከቤቱ ቁመት በላይ ወጣ። ሮሳሜል ፊቱን በክንዱ ከልሎ አየው። ያ ሁሉ እሳት ከእናቱ አልጋ ጀርባ፣ በአንድ ሳንቃ ብቻ ተለይቶ ሊነድ እንደ ነበር አሰበ። ወዲያው የጓሮዋ ረድፍ ትዝ አለችው።

ለማንም ሳይናገር ሮጠ። አሮጌው በር እየጨሰ ነበር። ከኋላው ረድፏ ተያይዛ ነበልባሏ ሳንቃውን ይልሳል፤ የሱ መኝታ ቤት ከእናቱ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። መንጠቆው እጁ ውስጥ ገባ። ረድፏን ከነአሮጌው በር ስቦ ጣላት፤ ባልዲውን ነክሮ ግድግዳው ላይ ደፋ፤ ደገመ፤ ደገመ። ግድግዳው ሥር የተሸጎጡትን ፍልጦች መንጠቆው አልደረሰባቸውም፤ በእጁ ለቅሞ ወረወራቸው። ኦቲሊያ ስትደርስ ግድግዳው ይጨሳል እንጂ አይነድም ነበር። ያመጣችውን ውሃ ግማሹን ሳንቃው ላይ፣ ግማሹን እጁ ላይ አፈሰሰች።

«አምጣ፣ ልየው» አለች። የሽርጧን ጫፍ ቀዳ እጁን ጠቀለለችለት።

በማግስቱ ጠዋት የእሳት ተከላካዮቹ መኪና ደረሰ። ባውዲሊዮ ቤቱ ከነክምሩ አመድ ሆኖበት እነሮሳሜል በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አለቃቸው ኦቲሊያን ገና ከሩቅ ሲያያት «ዶኛ ኦቲ፣ ቦሎቄ አለ?» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ቤቱን ዞረው። እሷ በታኅሣሥ እንዳደረገችው ሁለት ጊዜ ነው የዞረው። ባውዲሊዮንም ሰዎቹንም አስከትሎ ጓሮ ሲደርስ ወገብ ድረስ የከሰለውን ግድግዳ አይቶ ቆመ።

«እዚህ ጋ ቤቱን ልታጡት ነበር። ማን ነው እንጨቱን ከዚህ ያነሳው?»

«ወንድሜ» አለች ኦቲሊያ።

ሰዎቹ ሁሉ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የሮሳሜልን እጆች አዩ። አንዱ «በርታ፣ አባቴ» አለው። ባውዲሊዮ ብቻ መሬት መሬት ያያል። ሮሳሜል ዝም ቢል የሚያጋልጠው አልነበረም። ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ።»

ኦቲሊያ በርሜሉ ላይ ባልዲውን ደፋች።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሐሙስ። የጋሪህ ጎማ ጠጠሬን አርሶት ነበር።»

«ታዲያ ምነው አላነሳሽውም?»

«ባነሳው ሌላ ቦታ ትደብቀው ነበር» አለች። «ያለበትን የማውቀው እንጨት ይሻለኛል።»

ከውስጥ እናታቸው ቁርስ እያሉ ተጣሩ፤ ኦቲሊያ በሶ ልትበጠብጥ ገባች፤ ሰዎቹም ተከተሏት። ሮሳሜል ጓሮ ብቻውን ቀረ። መንጠቆውን ከመሬት አነሳና በርሜሉ ላይ ሊያስደግፈው ሲል እጀታውን አየ። አዲስ ግራር ነው፤ ጫፉ ላይ የመጋዙ ምልክት አልጠፋም። ቀጥ አድርጎ አጠገቡ አቆመው። ትክክል ትከሻው ላይ ደረሰ። ኦቲሊያ እጇን ብትዘረጋ እንኳ ይህን መንጠቆ እንደ ልቧ ልታዞረው አትችልም ነበር፤ እጀታው የተቆረጠው በሱ ልክ ነው።