የኑሰይባ ሦስት ጀሶ

የመጀመሪያው ጀሶ በመጋዝ ተከፍሎ ሲወልቅ ወጣቱ ባለሙያ ቆሻሻ ውስጥ ሊጥለው ነበር። «ስጠኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ» አልኩት።

«እናት፣ ምን ያደርግልሻል? አበባ ልትተክዪበት ነው?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ችግር ሳይመጣ ማስረጃ የምሰበስብ ሰው ነኝ። የሰባት ዓመት የመብራት ደረሰኝ አልጋዬ ሥር አለ። ሁለተኛው ጀሶ ሲወልቅም ወሰድኩት። ሁለቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ጓዳ አስቀመጥኳቸው፤ ተመልሼ አላየኋቸውም።

ልጄ ኑሰይባ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አከርካሪዋ ወደ ጎን ጎብጧል። ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገናው በፊት ትንሽ እንዲቃና ብለው ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በጀሶ አሰሯት፤ በየሁለት ወሩ እየፈቱ አዲስ ያስሩላታል። «ለውጥ አለ» ይሉኛል። ሐኪም እናትን ለማጽናናት የማይለው የለም እያልኩ አላመንኳቸውም። ለመጪው ዓመት የደንብ ልብሷ የገዛሁት ጨርቅ እንኳ ሳይሰፋ ተቀምጧል። በየትኛው ጀርባዋ ትለካ?

የፈራሁት ነገር ከጤና መድህን ቢሮ መጣ። ሂሳብ የሚያጣሩት አቶ ምልኬሳ የሆስፒታሉን የክፍያ ጥያቄ ፊታቸው ዘርግተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህቴ፣ ለአንድ ልጅ በአምስት ወር ሦስት ጀሶ ተጠይቋል። የተሰበረ ሰው አንዴ ታስሮለት ይድናል። ሁለቱ የተደገሙ ናቸው፤ አላጸድቅም።»

«አጥንቷ አልተሰበረም እኮ፤ ጎብጦ ነው። የሐኪሙ ደብዳቤ ይኸው።»

«ባለፈው ዓመት ደብዳቤ አምኜ ተጠይቄበታለሁ። ደብዳቤ ማንም ይጽፋል።»

ይህ ካልጸደቀ መድህኑ የቀዶ ጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን አይፈርሙም። ቀጠሮዋ የሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ ካመለጣት ሌላ ተራ የምታገኘው ከዓመት በኋላ ነው። አባቷ ከቆቃ ሐይቅ ዓሣ አጥምዶ በሚያመጣው ደግሞ ያን ሁሉ ከኪሳችን መክፈል አንችልም።

«ነገ ጠዋት ይኖራሉ?» አልኳቸው።

በማግስቱ ጎረቤታችን ኡበይደላ ኑሰይባንና ከረጢቱን ባጃጁ ላይ ጫነልኝ።

«ዘሃራ፣ የስንት ሰው ላስከፍልሽ?» አለኝ ከረጢቱን እየዳበሰ።

የቢሮው ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ። «ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የልጄ ጀርባ ነው።»

ከፍቶ አየና አሳለፈኝ።

ሁለቱን ጀሶዎች አቶ ምልኬሳ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። ባለሙያው ሲያስር ስሟንና ቀኑን በወፍራም እስክሪብቶ ይጽፍበታል። ታኅሣሥ ሦስት ይላል አንዱ፤ ሌላው የካቲት አምስት። አቶ ምልኬሳ ከክፍያ ጥያቄው ጋር አስተያዩት።

«ሦስተኛውስ?»

«ለብሼዋለሁ» አለች ኑሰይባ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ። ሚያዝያ ሰባት።

አቶ ምልኬሳ ግን ዓይናቸውን ከመጀመሪያው ጀሶ አላነሱም። የክፍል ጓደኞቿ «ሮቦቷ» ብለው የጻፉበት ነው። ማስመሪያ አንስተው በጎኑ አቆሙና ወደ ሁለተኛው አዛወሩት።

«ይሄ ሙዝ ነው» አለቻቸው ኑሰይባ። «ይሄም ሙዝ ነው፣ ግን ቀና ያለ። እኔ አሁን ወደ ሸንኮራ እየተጠጋሁ ነው።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጀሶዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። የታኅሣሡ ወገቡ ላይ ታጥፎ ወደ ግራ ዘሟል። የካቲት ላይ ያ መዝመም ግማሽ ያህል ቀንሷል። ቀጥሎ ልጄ ቆማለች። አንዱ ትከሻዋ አሁንም ከሌላው ከፍ ይላል፤ ግን ወርዷል። በየቀኑ ሳጥባት፣ ሳበላት ያላየሁትን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አየሁት።

አቶ ምልኬሳ በስልካቸው ፎቶ አነሱ፤ አትመው ከፋይሉ ጋር አያያዙ፤ የጀሶውንም የቀዶ ጥገናውንም ወረቀት ፈርመው ማህተም መቱ።

«ኦዲተር እስኪመጣ እነዚህ እኔ ጋ ይቆዩ።»

«መረከብዎን ይፈርሙልኝ» አልኳቸው። እያጉረመረሙ ፈረሙ።

ውጭ ኡበይደላ ባዶ ከረጢቱን አየ። «ሁለቱን ተሳፋሪዎች የት ጣልሻቸው?»

«ቢሮ ቀሩ። ወደ ልብስ ሰፊው አዙረው።»

«ከነጀሶዋ ልትለካ?»

«ስትድን ትለካለች። ዛሬ ተራ እናስይዝ።»

ቀዶ ጥገናውን አሁንም እፈራዋለሁ። ልብስ ሰፊው ስሟን ደብተሩ ላይ ጻፈና ልኩ የሚሞላበትን ቦታ ባዶ ተወው።