በሻሽ ያለፈው ቢራ

፩

ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ኅሩይ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል።

፪

የኅሩይ ቃል፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ሺህ ጊዜ የተባለ፦

«ቢራ እንዲህ አይደለም። ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ ስንማር የምንጠጣው ሳይጣራ ነበር የሚቀዳው። ድፍርስ ያለ! አንድ ቀን አቀምስሻለሁ።»

የእኔ መልስ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ፦

«ድፍርስ ነገር ምን ያደርግልኛል?»

አንድ ቀን እንኳ «እሺ፣ ልቅመስ» አላልኩትም። ለማለት ያህል እንኳ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

፫

በሩ ላይ የቆመው ወንድይራድ ነበር፤ ቮሮኔዥ ከኅሩይ ጋር አንድ ክፍል ያደረ፣ እዚያው አግብቶ የቀረ። ለቀብር አልደረሰም። በስልክ አልቅሶ ሲያበቃ «ምን ይዤልሽ ልምጣ?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣው ያ ቢራ ነው። ሦስት ጠርሙስ ይዞ ተነሣ። ሁለቱ ሻንጣው ውስጥ ተሰበሩ። አዳማ የደረሰው፦

አንድ።

፬

አጠጣጡ (ካገኛችሁ እናንተም እንዲህ አድርጉ)፦

አቀዝቅዙት። አብዛኛውን ብርጭቆ ውስጥ ቅዱ። የቀረውን ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ታች የተኛው እርሾ ይነሣል። እሱንም ጨምሩበት። ብርጭቆው ይደፈርሳል። ቢራው ያ ነው።

ወንድይራድ ይህን የነገረኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቢነግረን ኖሮ ቁጥር ስድስት ባልተጻፈ ነበር።

፭

ቢራው እስኪቀዘቅዝ ድረስ የኅሩይን መቃብር ላሳየው ወጣን። ቤት የቀረችው እንግዳውን ልታስተናግድልኝ የመጣችው እትዬ አትጠገብ ናት፣ የኅሩይ ታላቅ እኅት።*

* አርባ ዓመት ጠላ የጠመቀች። እሷ ባለችበት ለእንግዳ አተላ ያለው ነገር አይቀርብም።

፮

ስንመለስ የተባለው፣ ቃል በቃል፦

አትጠገብ፦ ኑ፣ ተቀመጡ! አጥልዬ ጨርሻለሁ።

እኔ፦ ምኑን?

አትጠገብ፦ ቢራውን ነዋ። ኧረ ሙሽራዬ፣ ስታዪው ያስፈራል፤ ጉሽ ነው። በነጭ ሻሽ ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት። አረፋው ደግሞ! ወጥ ቤቱን አጥለቀለቀው።

(ወንድይራድ ባዶውን ጠርሙስ አንሥቶ ገለበጠው።)

አትጠገብ፦ ምን ትገለብጣለህ? ከሩሲያ ድረስ ተሸክመህ አተላ ልታጠጣን ነበር?

እኔ፦ ሻሹስ?

አትጠገብ፦ አጥቤ አሰጣሁት።

፯



፰

ከላይ የተውኩት ባዶ ቦታ ዝም ያልኩበት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ባለው ጆግ ውስጥ የጠራ ቢጫ ነገር ተቀምጧል። እትዬ አትጠገብን ምን እላታለሁ? ወንድሟን ቀብራ፣ የወንድሟን ጓደኛ ልታከብር ደፋ ቀና ስትል ነው የዋለችው። እኔ ግን «እሺ» የምልበት የቀረኝ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

፱

ወንድይራድ ሳቀ። ሆዱን ይዞ።

ወንድይራድ፦ እትዬ! ወንድምሽም ልክ እንዲህ ነው ያደረገው!

አትጠገብ፦ ኅሩይ?

ወንድይራድ፦ በደረስን በሳምንቱ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን። የሰፈሩ ልጆች በባለ ሦስት ሊትር የመስተዋት ዕቃ አመጡልን። ኅሩይ አየት አደረገና «ይሄማ ገና አልጠለለም» ብሎ በንጹሕ መሐረብ አጠለለው። ልጆቹ ጮኹ! እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናቴ ለእንግዳ ጉሽ አታቀርብም።»

አትጠገብ፦ የእናቴ ልጅ!

እኔ፦ እንዴት ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም?

ወንድይራድ፦ በምን አፉ ይንገርሽ፣ ስንዱ? እስክንመረቅ ስሙ «ወንፊት» ነበር።

እትዬ አትጠገብ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እየሳቀች።

እኔ፦ ያጠለለውንስ ምን አደረገው?

ወንድይራድ፦ ጠጣዋ። ዓይኑን ጨፍኖ። ድፍርሱን የለመደው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ግን ይሄ ነበር፤ ይሄ አሁን ፊትሽ ያለው።

እኔ፦ ቅዳልኝ።

፲

አረፋው ጠፍቷል። ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ የትኩስ ዳቦ ቅርፊት። ቀጥሎ ምሬት፤ የጌሾ አይደለም፣ ለዘብ ያለ፣ ሣር ሣር የሚል። ከምሬቱ በኋላ የመጣውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ስለዚህ ቦታውን ለእናንተ ትቼዋለሁ፦

………………………………

«እሺ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለማን እንደምመልስ ሁለቱም አልጠየቁኝም።

እትዬ አትጠገብ ብርጭቆዋን ዘረጋች።

፲፩

ወንድይራድ ማክሰኞ ተሳፈረ። «ለየብቻ ከምንኖር እኔ ጋ ነይ» ብያት፣ በመጋቢት እትዬ አትጠገብ የኪራይ ቤቷን ለቃ፣ ዕቃዋን በጋሪ አስጭና እኔ ጋ ገባች።