ውሸት የምታውቅ ጆሮ

ሰኞ ጠዋት ቬርላ ታኬት ከላስ ቬጋስ የካርታ አዳራሾች በአንዱ ለዋናው ውድድር ልትመዘገብ ስትሰለፍ፣ ከፊቷም ከኋላዋም የቆሙት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ግራጫ ሹራብ ለብሳ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ላያት የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ትመስላለች። የሚያውቋት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የቤት ኪራይዋንም የጥርስ ሐኪሟንም የከፈለችው እነሱን በካርታ እያሸነፈች መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህም ብዙ አይወዷትም።

የአዳራሹ ኃላፊ ሊላንድ ፊች ከመዝገቡ ላይ ቀና ብሎ ሲያያት ፈገግ አለ።

«ወይዘሮ ታኬት! ቀኑን ተሳስተው መጡ መሰለኝ። የሴቶቹ ውድድር ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው።»

«አልተሳሳትኩም። የዛሬውን ነው የምጫወተው።»

«የሐሙሱ እኮ ይሻልዎታል። መግቢያው ርካሽ ነው፣ ለያንዳንዷ ጽጌረዳ እንሰጣለን፣ ለአሸናፊዋም የፀጉር ማድረቂያ አለ።»

«የምንኖረው በረሃ ላይ አይደል እንዴ? የኔን ፀጉር ንፋሱ ያደርቅልኛል።»

ከኋላዋ አንዱ ሳቀ። ሊላንድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ዘመድ ሊመክራት ሞከረ። «እረፍቱ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። የሴቶች መጸዳጃ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ነው። ለርስዎ አስቤ ነው እንጂ...»

«ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስሜን ጻፍ።»

ጻፈ።

ከበሩ አጠገብ ጆ-አን ቆማ ስትሰማ ነበር። ጆ-አን ከፍሬዝኖ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ እሷም እንጀራዋ ካርታ ነው። ፊቷ ቀልቷል።

«እኛ ሐሙስ የምንጫወተው ፈሪ ስለሆንን ነው? አንቺ ከኛ በላይ ነሽ?»

«እንዲህ ያለ ነገር አልወጣኝም። ሐሙስ ደስ ብሏችሁ ተጫወቱ። እኔን ያናደደኝ ሊላንድ ሐሙስን አጥር አድርጎ ሲያጥርብኝ ነው።»

«ብትሸነፊስ? ‹አላልናችሁም?› ነው የሚሉን። ውርደቱ ባንቺ አይቀርም፣ ለኛም ይተርፋል።»

«አምና እዚህ መቶ ሰላሳ ወንድ ተሸንፎ ሄዷል» አለች ቬርላ። «‹ወንድ ካርታ አይችልም› ያለ ሰው ሰማሽ?»

የጆ-አን ንዴት ግን አልበረደላትም። ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

ቬርላ ካርታ የተማረችው ከዚህ ሩቅ፣ ቴክሳስ ውስጥ ቦሞንት በምትባል ከተማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበረች። ሌባውም ምስክሩም ጠበቃውም የሚናገረውን ቃል በቃል ትጽፋለች። ዳኞቹ ለውሳኔ ሲገቡ ጠበቆቹና የችሎት ፖሊሶቹ ኋላ ክፍል ካርታ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሰው ጎደላቸውና አስቀመጧት። የምሳ ገንዘቧን እንበላለን ብለው ነበር። ዓመት ሳይሞላ የነሱን ምሳ መብላት ስትጀምር «ሴት እዚህ አይገባም» ተባለ፤ በሩም በቁልፍ ይዘጋ ጀመር። ቬርላ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ባሏ ለሌላ ሴት ብሎ ጥሏት ሲሄድም ብዙ አላለቀሰችም። ዕቃዋን መኪና ላይ ጫነችና ካርታ በር ተዘግቶ ወደማይጫወቱበት ከተማ መጣች።

ሰኞን በደህና አለፈች። ማክሰኞ ግን የሊላንድ ምክር እውነት ሆኖ አረፈው። እረፍት በተባለ ቁጥር ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ወጥታ ስትመለስ ጨዋታው ተጀምሮ ይጠብቃታል። ባትኖርም ተራዋ ሲደርስ ከፊቷ ካለው፣ በገንዘብ ፋንታ ከሚያሲዙት የመጫወቻ ጠጠር ላይ ይነሳል። አንዴ ሆነ፣ ሁለቴ ሆነ። ወንዶቹ ሲጋራቸውን እያጨሱ እያለከለከች ስትቀመጥ ያዩዋታል።

«እማማ፣ ጉልበትሽን አደራ!» ይላታል ባክ ራንኪን። ባክ ውድድሩን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ ትልቅ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ አዳራሹ ሁሉ በቀልዱ የሚስቅለት ሰው ነው።

በሦስተኛው እረፍት ቬርላ ወደ ደረጃው አልሄደችም። ከአዳራሹ ጥግ ወዳለው የወንዶች መጸዳጃ በር ሄዳ አንኳኳች።

«ውስጥ ያላችሁ ውጡ! ልገባ ነው!»

ሁለት ሰዎች ቀበቷቸውን እያጠበቁ ተሽቀዳድመው ወጡ። ቬርላ ገባች። ይህን ጊዜ ጨዋታ ሊያዩ ከመጡት ሰዎች መሀል ጆ-አን ብድግ ብላ መጣች፤ ከሰኞ ጀምሮ ከቬርላ ጋር አልተነጋገሩም። እጇን አጣምራ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

ባክ ደረሰ። «ዞር በይ ልጅት።»

«ወረፋ ነው ጌታው።»

«ምን?»

«ካስቸኮለዎት ሁለተኛ ፎቅ ይውጡ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ጥሩ መጸዳጃ አለ ይባላል።»

ከባክ ኋላ የተሰለፉት ወንዶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ በባክ ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር። ሊላንድ ላቡን እየጠረገ በሩጫ ሲደርስ ቬርላ እጇን በመሐረቧ እያደረቀች ወጣች።

«ሳሙና አልቋል፣ ሊላንድ።»

«ወይዘሮ ታኬት፣ ለዚህ ከውድድሩ ላስወጣዎት እችላለሁ!»

«አስወጣኝ። ምክንያቱን ግን ጽፈህ ፈርምልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ የተጻፈ ነገር ደስ ይለኛል።»

ሊላንድ ላቡን እንደገና ጠርጎ ሄደ። ቬርላ ጆ-አንን አየቻት። «አመሰግናለሁ።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች ጆ-አን። ወዲያው ግን ሳቋ አመለጣት። «ፊቱን አየሽው?»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ከመቶ አርባ ሰው ሁለት ቀሩ፤ ቬርላና ባክ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባክ የትናንቱን ሳቅ አልረሳም፤ አፉ አያርፍም። «የኔ ማር፣ ሁለተኛ መውጣትም ክብር ነው። ለልጅ ልጆችሽ ታወሪያለሽ።» ቬርላ ልጅም የልጅ ልጅም የላትም። መልስ አልሰጠችውም።

ዝም ያለችው ስላልከፋት አልነበረም። ስታዳምጠው ስለነበር ነው። ፍርድ ቤት አንድ ነገር አስተምሯታል፦ እውነት ያለው ሰው ሲጠይቁት ይሰለቻል፣ ባጭሩ መልሶ ዝም ይላል። የሚዋሽ ግን ያልተጠየቀውን ይጨምራል፤ የሸሚዙን ቀለም፣ የዝናቡን ሰዓት፣ የእናቱን ስም። ከአንድ ሰዓት በፊት ባክ ብዙ ጠጠር ሲገፋ «ጥሩ ነገር ይዘሃል?» ብላው ነበር። «ከፍለሽ እዪው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ዙር ትታለት ካርታዋን ጣለች። እሱም በኩራት ገልጦ አሳያት፤ እውነትም ይዟል።

አሁን ደግሞ ለሁለቱም የሚያገለግሉት አምስት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት። ቬርላ የደበቀቻቸው ሁለት ዘጠኞች ናቸው። ባክ አንድ ንጉሥ ወይም አንዲት ንግሥት ከያዘ ጥንዱ ከሷ ጥንድ ይበልጣልና አለቀላት። እሱም ያለውን ጠጠር ሁሉ በሁለት እጁ ወደ መሀል ገፋ። ያን ያህል ከፍላ ብትሸነፍ የሚቀራት ጠጠር እፍኝ አይሞላም።

ቬርላ መነጽሯን አደረገች።

«ንጉሥ ይዘሃል እንዴ፣ ባክ?»

«ንጉሥ?» ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። «የኔ ማር፣ ንጉሡን ገና ሲታደል ጀምሮ ይዤዋለሁ። ቀዩን ንጉሥ፣ እናቴ ትሙት! እንዲያውም ሳየው ‹ምስኪኗ ቬርላ› ብዬ አዘንኩልሽ። ይኸው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው፣ እንዳትከስሪ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ጣይውና በክብር ሌላ ዙር እንጫወት...»

ቬርላ እስኪጨርስ ጠበቀች። ስንት ሌባ ይህን ዜማ አዚሞላታል!

«ባክ» አለች፣ «ይህን ያህል ገጽ ጽፌልህ ቢሆን ኖሮ እጄ ይዝል ነበር። እከፍላለሁ። ግለጠው።»

ባክ አልገለጠም። ካርታ አዳዩ ሁለተኛ ሲጠይቀው ነው የገለጠው። ንጉሥም ንግሥትም የለም። አሥር ብትመጣለት የሚሞላ የአምስት ካርታ ተከታታይ ሲጠብቅ ነበር፤ አሥር አልመጣችም። ሁለቱ ዘጠኞች ተገልጠው ቬርላ ውድድሩን ስታሸንፍ ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሴት «እሰይ!» ብላ ጮኸች። ጆ-አን ነበረች።

አንድ ጋዜጠኛ እየተጋፋ መጣ። «ወይዘሮ ታኬት፣ ዕድል ከርስዎ ጋር ነበረች ማለት ይቻላል?»

«ባክ ባለፉት ሁለት ጊዜያት ሲያሸንፍ ዕድል ነው ብለህ ጻፍክ?»

«አይ፣ እሱማ...»

«እንግዲያው ለኔም ለሱ የጻፍከውን ጻፍ።»

ሐሙስ ጆ-አን ተጫውታ ሦስተኛ ወጣች። ቬርላ ከኋላዋ ተቀምጣ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየችላት። ዓርብ ጠዋት ቬርላ እንደ ወትሮዋ ወደ ዕለት ሥራዋ ተመልሳ ሁልጊዜ የምትጫወትበት ጠረጴዛ ስትቀመጥ ግን ያልጠበቀችው ሆነ። አንዱ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። ሁለተኛው ምሳ ትዝ አለው፤ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ባክን ካሸነፈች ሴት ጋር ገንዘቡን ሊያሲዝ የሚፈልግ ጠፋና ብቻዋን ቀረች። ስድስት ዓመት ያበላት ጠረጴዛ ባንድ ቀን ደረቀባት። ደነገጠች፤ ሽልማት ኪራይን ለዘላለም አይከፍልም።

ጠጠሯን ሰብስባ ተነሳች። ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ባክና ጓደኞቹ ትልቁን ጨዋታ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ አንድ ባዶ ወንበር አለው። እዚያ ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ሄዳ የወንበሩን ጀርባ ያዘች።

«ሰው አለው» አለ አንዱ፣ ቀና ሳይል።

«ማን የሚባል?»

ስም የሚጠራ ጠፋ። ባክ ጠጠሩን መነካካት ያዘ። ቬርላ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ጠጠሯን ደረደረች፣ ወደ ካርታ አዳዩም ዞረች።

«ለኔም አድለኝ።»