ነጎድጓድ ሲያመሰግን

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስለ እኛ ብላችሁ ደከማችሁ፤ እባካችሁ አረፍ በሉ» አለ ነጎድጓድ፣ ለቅሶ ለመድረስ የመጡትን ሁለት ጎረቤቶች በገዛ እጁ ወንበር እየሳበላቸው።

ጎረቤቶቹ ተያዩ። ሰውየው ግንበኛ ነው። ዕድሜ ልኩን ከፎቅ ላይ ሆኖ ታች ሲሚንቶ የሚያቦኩትን ሲጣራ ስለኖረ፣ ከሚስቱ ጋር በአንድ ትራስ ሲያወራ እንኳ ሰፈሩ ይሰማው ነበር። ስሙን ያወጣለትም ይኸው ድምፁ ነው። ሰላምታው ራሱ ቁጣ የነበረ ሰው፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ያመሰግናል።

«አይ ሐዘን!» አለች እህቱ ወደ ጎረቤቶቹ ጠጋ ብላ። «ወንድሜን ምን አድርጎ እንዳለዘበው ታያላችሁ? ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ።»

ሴት ልጁ ይህን የሰማችው ከማድ ቤት፣ የሻይ ብርጭቆ ስታጥብ ነው። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ እጇ ሥራ ከፈታ እንባዋ ይቀድማታል፤ ስለዚህ የታጠበውንም መልሳ ታጥባለች። አሁን ግን እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። የአባቷ የስኳር በሽታ በኪኒን አልበርድ ብሎ መርፌ የታዘዘለት ጊዜ፣ ያ ከፍታ የማይፈራ ሰው አልጋ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። «እኔ ጨርቅ ነኝ እንዴ የምትሰፊኝ!» ብሎ ቤቱን አናጋው። እናቷ አልተከራከረችውም። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ባዶውን መርፌ የራሷ ጭን ላይ ሰካችና «ይኸውልህ፣ ከአንተ ምላስ አይብስም» አለችው። ከዚያ ወዲያ ለመርፌው ሰዓት ቤት ያልተገኘችበትን ቀን ልጅቷ አታስታውስም። ቁርሱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ካላየች ደግሞ መርፌውን አትነካም፤ በባዶ ሆድ የተወጋ እንደሆነ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ለእሱ የከለከለችውን ለራሷም ከለከለች። ሰው ቤት ኬክ ሲቀርብላት «ጥርሴን ያመኛል» ትል ነበር፤ ጥርሷ ግን ድንጋይ ይፈጫል።

አንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ልጇን እንዲህ አለቻት፦ «እኔ በሌለሁበት ስኳሩ የወረደ እንደሆነ ላቡን እዪ፣ የእጁንም መንቀጥቀጥ እዪ። ከሁሉ በፊት ግን አፉን ስሚ። አባትሽ ከተቆጣ ደህና ነው። ካመሰገነ ሩጪ።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ሆዷን ይዛ ስቃ ነበር። አሁን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ብቅ አለች።

«አክስቴ፣ አባዬ ጠዋት በልቷል?»

«በየት ጉሮሮው! መርፌውን ግን የእሷ አደራ ነው ብሎ ራሱ ተወጋ። ምግቡን ሲገፋው ተዉት አልኩ፤ ሐዘንተኛ አይገደድም።»

ልጅቷ ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ስኳር በውሃ በጠበጠችና እየሮጠች መጣች። አክስቷ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስኳር ነው።»

«ስኳር ላለበት ሰው ስኳር! እናትሽ አልበቃ ብላሽ እሱንም ልትቀብሪው ነው?»

ጎረቤቶቹ ከወንበራቸው ተነሡ። ልጅቷ ልቧ ከዳት። እናቷ ብትሆን ኖሮ ማን ደፍሮ እጇን ይይዛት ነበር? ምናልባት እውነትም ሐዘን ብቻ ቢሆንስ?

«ተዪ እህቴ» አለ ነጎድጓድ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፤ ቃሉ ይጎተታል። «አትጣሉ። ሁላችሁም ደጎች ናችሁ። እግዜር ያክብራችሁ።»

«አባቴ በጤናው እንዲህ ብሎ አያውቅም! ልቀቂኝ!» ብላ እጇን መነጨቀች። ግማሹ ፈሰሰ። የቀረውን ከንፈሩ ላይ አደረገችለት። «ጠጣ፣ አባዬ። ቀስ ብለህ።»

ጠጣ። ሌላም ጨመረችለት፣ እሱንም ጠጣ። ቆይቶ የእጁ መንቀጥቀጥ ረገበ፤ ዓይኑ ሰው መለየት ጀመረ፤ ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«ምን ከብባችሁ ታዩኛላችሁ?» ብሎ ጮኸ፣ መስኮቱ እስኪነቃነቅ። «ቁጭ በሉ እንጂ! የሞተችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም!»

የተናገረው መልሶ ራሱን መታው። ድምፁ ወረደ።

«ተራው የእኔ ነበር እኮ። በሽተኛው እኔ! እሷ ራሴን እንኳ ሳትል ስፌት ማሽኗ ላይ ደፋ እንዳለች ቀረች።»

እህቱ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። «ያኖረችህ እሷ ናት ወንድሜ። እኔ ሥጋህ ነኝ፣ ዛሬ ሳላውቅ ልገድልህ ነበር። ያቺ ሴት ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለችው?» አለች።

ልጅቷ ዳቦና የተቀቀለ አትክልት በሳህን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ ወንበር ስባም ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እሱ ምግቡን አየና ፊቱን አዞረ።

«አልችልም፣ ልጄ። እሷ ሳትኖር ከበላሁ… ያለ እሷ መኖር ጀመርኩ ማለት ነው።»

እናቷ ለዚህም መልስ አታጣም ነበር። ልጅቷ ግን የሚያጽናና ቃል ፈልጋ አጣች።

«አዎ፣ አባዬ» አለችው። «እንደዚያ ማለት ነው።»

ነጎድጓድ ወደ ሳህኑ ዞረ። ከዚያ ዳቦውን ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተው። እንባው እየወረደ፣ ሳይጠርገው፣ አኘከ። ዋጠም። ማንም ሳይነግረው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።