ያልበቀለው ሻጋታ

«ዛሬ አፍሽን ሰብስቢ» አለች ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ። «ያ ፕሮፌሰር ስለ ጥናቱ ሲጠይቅሽ ማወደስ ነው። ሙያ በልብ!»

ታናሺቱ ኮምፒውተሯን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስተካከለች። ዶክትሬቷን ካገኘች ወዲህ፣ ተቀጥራ ምርምሯን የምትቀጥልበት የድኅረ ዶክትሬት ቦታ ፍለጋ ያልጻፈችለት ዩኒቨርሲቲ የለም ማለት ይቻላል። ግማሹ መልስ ነፈጋት፤ ግማሹ «በጀት የለንም» አላት። ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ የጠራት ይህ የእህል ሻጋታ የሚያጠና ቤተ ሙከራ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ስም ያተረፉበትን ሙከራ እሷም ደጋግማ ሞክራዋለች። ሻጋታው እሳቸው በጻፉት መንገድ አልበቀለላትም። ይህን ለእህቷ ከነገረቻት ቀን ጀምሮ ምክሩ አላባራም።

«እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው» አለች ታናሺቱ በመጨረሻ።

«ሲመሽብሽ የምታድሪው እኮ የእኔ ሶፋ ላይ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው ስክሪኑ በራ። ፕሮፌሰሩ መሃል ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አንዲት ባለ መነጽር ወጣት ተመራማሪ አቀርቅራ ትጽፋለች።

ስለ ጥናቷ ጠየቋት፤ ሳትንተባተብ መለሰች። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ደገፍ አሉና «የእኛን ዘዴ እንዴት አገኘሽው?» አሏት።

እህቷ ከስክሪኑ ጀርባ ቆማ አፏን በእጇ ከደነች።

«በእኔ እጅ አልሠራም፣ ፕሮፌሰር» አለች ታናሺቱ። «ሙቀቱንም እርጥበቱንም እንደ ተጻፈው አድርጌ ነው። ምክንያቱን አላወቅሁም። ብትቀጥሩኝ መጀመሪያ የማጣራው እሱን ነው።»

የፕሮፌሰሩ ፊት ጠቆረ። «እናመሰግናለን» አሉ፤ ስክሪኑም ጠፋ።

«በገዛ አፍሽ በሩን ዘጋሽው!» አለች ታላቂቱ።

«ዋሽቼ ብገባስ? ሙከራውን እዚያ ስሠራው ምን ልላቸው ነው?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ሌላ የሥራ ማስታወቂያ ከፈተች።

«እዚያም ሄደሽ እንዲሁ ልትዪ?»

«ካልበቀለ አልበቀለም ነው የምለው።»

ታላቂቱ ራሷን ነቀነቀች። መኪናውን ግን አልነካችውም፤ እህቷ እንዳትረበሽ ቀሪውን በእጇ መስፋት ጀመረች።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ባለ መነጽሯ ነበረች።

«ያ ሻጋታ በእኔም እጅ አልበቀለም» አለች። «ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። አንቺ ግን ፊት ለፊት ተናገርሽው። አሁን የራሴን ቤተ ሙከራ ልከፍት ነው፤ አንድ ሰው መቅጠር እችላለሁ። ደመወዙ እሳቸው ከሚከፍሉት ያንሳል። ትመጫለሽ?»

«ለምን እንዳልበቀለ ልመርምር ብል ይፈቅዱልኛል?»

«የምፈልግሽ ለእሱ ነው።»

«እመጣለሁ!» አለች።

ጆሮዋን አቁማ ስታዳምጥ የነበረችው ልብስ ሰፊ «ሶፋዬ ነጻ ወጣ!» ብላ ጮኸችና መኪናዋን በሙሉ ኃይሏ አንደቀደቀችው።