ሆቴሉ ውስጥ የቆሙት ሽማግሌዎች

አያ ላቀው ገደል አይፈሩም። ስሜን ውስጥ ከቡይት ራስ በላይ ባለው አፋፍ ገብስ እያረሱ የኖሩ ሰው ናቸውና አሞራ ከእግራቸው በታች ሲበር ማየት ብርቃቸው አይደለም። ገደል ላይ ግን ሰው ቆሞ ቁልቁል አይቶ ይመለሳል እንጂ አልጋ ዘርግቶ አይተኛበትም። ከፍታ ማለት ምን እንደሆነ የገባቸው አዲስ አበባ መሀል ከተማ፣ በዚያ ሰማይ ጠቀስ ሆቴል አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያደሩ ለት ነው። ከመስኮቱ የራቀውን አልጋ መርጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

እዚያ ያደረሳቸው ሽምግልና ነው። ሟች ወንድማቸው አደራ ያላቸው፣ እንደ አብራካቸው ክፋይ ያሳደጉት ሸጋው ስሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚ ሆኗል። ደባርቅ ተመድባ የመጣች እሌኒ የምትባል ነርስ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ችግሩ አባትየው ነበሩ። አቶ አለነ ራሳቸው የደባርቅ ጎረቤት የሆነችው የዳባት ተወላጅ ናቸው፤ በጎረምሳነታቸው አዲስ አበባ ገብተው በዚያው ቀርተዋል። ልጃቸውን እንዲጠይቁ አምና የተላኩትን ሽማግሌዎች አሳፍረው መልሰዋል።

ሽማግሌ መባላቸውም ለወጉ ያህል ነው፤ የሸጋው የሥራ ጓደኞች ነበሩ። ቤት እንደገቡ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ፣ የቀረበላቸውን ቢራ ጨለጡ፣ ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ቆዩና መጨረሻ ላይ ትዝ ሲላቸው ጉዳያቸውን ጀመሩ። በእነ አያ ላቀው አገር ደግሞ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። ከተቀመጠ ልጅቱን አገኘ ማለት ነው። አቶ አለነም ቆሞ ላልጠየቀኝ ሰው ልጅ አልሰጥም ብለው በሩን አሳዩአቸው።

እሌኒ ያለ አባቷ ቃል እንደማታገባ ቁርጡን ተናግራለች። ዘንድሮም እንቢ ከተባለ ነገሩ አበቃለት። ስለዚህ አያ ላቀው የንስሐ አባታቸውን ቄስ ማዕረግንና ጡረታ የወጡትን መምህር ደርቤን ይዘው በጥቅምት ብርድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። የቤቱ ቀጠሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ሆቴሉን የሰጠቻቸው ሸጋው ያስጎበኛት አንዲት ሆላንዳዊት ባልቴት ናት። ጉልበቷ ተራራው ላይ ከድቷት በበቅሎና በትከሻ አድርሷት ነበር። በዓለም ከተሞች ሁሉ ቅርንጫፍ ያለው የዚህ ሆቴል ደንበኛ ስለሆነች በነፃ የሚያሳድር ያጠራቀምኩት ነጥብ አለኝ፣ ሽማግሌዎችህ በሱ ይደሩ አለች። ነጥብ ተማሪ ብቻ የሚያመጣው ነገር የሚመስላቸው መምህር ደርቤ ይህን መንገዱን ሙሉ ሲደነቁበት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለቁርስ ወረዱ። ምግቡ በረድፍ ተደርድሮ ሰው እንዳሻው ያነሣል። አዲስ አበባን አውቃለሁ ባዩ መምህር ደርቤ ሰሐን ይዘው ቀደሙ፤ እንቁላላቸውን አስጠብሰው ጠረጴዛው ላይ ሲደርሱ ቄስ ማዕረግ ገና ማዕዱን ሊባርኩ መስቀላቸውን ማውጣታቸው ነው። የቄስ ማዕረግ ቡራኬ ረዥም ነው። ደባርቅ ድግስ ላይ ወጥ የሚያቀዘቅዝ ቡራኬ እየተባለ ይታማል። አያ ላቀው የቆረሱትን ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ። መምህር ደርቤ ግን፣ እግዜር ይይላቸው፣ አልጠበቁም።

አሜን እንደተባለ መዓዛ የምትባል አስተናጋጅ ሻይ ይዛ መጣች። ንግግራቸውን ሰምታ ከየት እንደመጡ ጠየቀቻቸው፤ ከደባርቅ ሲሏት ፊቷ በራ።

"የእኛም ዋና ሼፍ የዳባት ሰው ናቸው እኮ!" አለቻቸው። "ይህን ሁሉ ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። አቶ አለነ ይባላሉ።"

አያ ላቀው ክው አሉ። ሸጋው የልጅቱ አባት ሆቴል ቤት እንደሚሠሩ ሰምቷል፤ የትኛው ብሎ ግን አልጠየቀም። በዚያ ሆቴል እንደ አሸን በፈላበት ከተማ ምን ብሎ ይጠርጥር! ምናልባት ሌላ አለነ ይሆናል ብለው ሰውየው ልጅ እንዳላቸው ጠየቁ። አንዲት ነርስ ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ደባርቅ ነው የምትሠራው፣ ምናልባት ሳታውቋት አትቀሩም አለች መዓዛ።

አያ ላቀው ዳቦውን ሰሐኑ ላይ መለሱት። ከዚያም ብድግ አሉ። ቄስ ማዕረግም ተከትለው ተነሡ። መምህር ደርቤ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ትንሽ ዘገዩ።

ክርክሩ ሊፍት ውስጥ ተጀምሮ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ ደመቀ። መምህር ደርቤ ሆቴሉ የፈረንጅ ኩባንያ ነው፣ አቶ አለነ ደመወዝተኛ ናቸው፣ እንደ እሳቸው ቤት አይቆጠርም ሲሉ ተከራከሩ። ቄስ ማዕረግ ደግሞ ያበሰለው እጅ የማን ነው ብለው ጠየቁ። እንጀራ የሚበላው ከእጅ ነው እንጂ ከግንብ አይደለም አሉ። አያ ላቀው ከሁለቱም ይልቅ የወንድማቸው ፊት ነበር ድቅን ያለባቸው። አንዱ ቁርስ በልቶ፣ ሁሉም ተደላድለው ተቀምጠው፣ ነገ እዚያ ሰው ቤት ሄደው ቆመን ካልሆነ ማለት እንዴት ይሆንላቸዋል? የአምናው ጉድ ሊደገም ነው ብለው ፈሩ።

"ዕቃችሁን ያዙ" አሉ። "ከዚህ ቤት እንውጣ።"

መውጣቱ ግን እንደ መግባቱ አልቀለለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ እስከ ሰኞ የተያዘ ክፍል ለምን እንደሚለቁ ግራ ገባት። አልጋው ጎረበጣችሁ ወይ አለች፤ ጫጫታ ነበር ወይ አለች። ምንም አልጎደለብንም ከማለት በቀር ሌላ አልነገሯትም፤ ምን ብለው ይንገሯት! ኃላፊው እስኪመጣ ቁጭ በሉ ብላ ሰፋፊ ወንበሮች አሳየቻቸው።

"እንቆማለን" አሉ አያ ላቀው።

ውኃ አቀረቡላቸው፤ አልነኩም። ወንበሩን ከኋላቸው ድረስ አምጥተው አስጠጉላቸው፤ ሸሹት። ሦስት ባለጋቢ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው በዚያ በሚያብለጨልጭ አዳራሽ መሀል ቆመው ሲታዩ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸው ጀመር። ፈረንጁ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ አያቸውና ተጨነቀ። በእነሱ ኩባንያ ቅር ያለው እንግዳ ዝም ተብሎ አይሸኝም። ቅሬታቸው ምን እንደሆነ ከአገራቸው ሰው ይጠየቅ ብሎ ወደ ማብሰያ ቤቱ ላከ።

አቶ አለነ ነጭ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ረዥሙን የሼፍ ቆብ እንደደፉ መጡ። ወፍራም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

"አባቶቼ፣ ምን አጓደልንባችሁ?" አሉ እጅ ነሥተው።

አያ ላቀው ወደ ቄሱ ዞር ብለው አዩ። የተዘጋጁበት ንግግር ለነገ፣ ለቤት ነበር። ውሸት መናገር ደግሞ ከቄስ አጠገብ ቆሞ አይሆንም።

"ምንም አልጎደለም" አሉ። "የማን ቤት እንደሆነ ሳናውቅ ነው የገባን። አሁን ዐወቅን። የነገ ቀጠሮዎ እኛ ነን።"

አቶ አለነ ቀና አሉ። የሽማግሌዎቹን ከዘራ አዩ፣ ያልተነካውን ውኃ አዩ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ።

"ቁርስ አልቀመሳችሁም?"

አያ ላቀው ትንሽ አመነቱ። "እኔና ቄሱ አልቀመስንም። ይህ ወንድማችን ግን ሳያውቅ እንቁላል በልቷል።"

መምህር ደርቤ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ሁለት ነው" አሉ በቀስታ።

ያ የማይፈታ ፊት መጀመሪያ ዳር ዳሩ፣ ከዚያ ሙሉው ተፈታ። አቶ አለነ ቆባቸውን አወለቁና በሳቅ ብዛት ዐይናቸውን ጠረጉበት። ሥራ አስኪያጁም ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮ ፈገግ አለ። ሳቁ ሲበርድ ግን ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ወጣ።

"አባቴ እህቴን ሊድር ሽማግሌ ሲመጣበት አስታውሳለሁ" አሉ። "ዝናብ ላይ ቆመው ነው የለመኑት። ያ ነገር የቀረ መስሎኝ ነበር። እንቢ ያልኩት ደባርቅን ንቄ አይደለም። ልጄ እዚያ ብቻዋን ናት፤ ለማን እንደምሰጣት ማወቅ ፈልጌ ነው።"

አያ ላቀው ይህን ሲሰሙ ለነገ ማለቱን ተዉት። ከዘራቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ልጁ የወንድሜ ነው። አደራ ተቀብዬ አሳደግሁት። ልጅዎ እኛ ዘንድ ባዳ አትሆንም፤ ይህን በእኔ ይሁንብኝ። ልጅዎን ለልጄ።"

"ለዘመድ ማማከሩ፣ ቀን መቁረጡ ለነገ ቤቴ ይሁን" አሉ አቶ አለነ። "እስከዚያው ግን ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ተቀመጡ ማለትዎ…" አሉ ቄስ ማዕረግ።

"አውቄ ነው ያልኩት አባ። የዳባት ልጅ ነኝ።"

አያ ላቀው ተቀመጡ። ወንበሩ እስከ ወገባቸው ዋጣቸው፤ እግራቸው ከመሬት ተነሣ፤ እሳቸው ግን ግድ አልሰጣቸውም። ከአምና ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ሁሉ ለቀቃቸው። እፎይ አሉ፤ ደግመውም እፎይ አሉ። እንባቸው ሲመጣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ደስ ብሏቸዋልና አላፈሩበትም። አቶ አለነ ቁርሱን በገዛ እጃቸው አምጥተው አቀረቡ፤ መምህር ደርቤም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ለሸጋው የደወሉት። ቀጠሮው ገና ለነገ ቢሆንም ሸጋው አላስችል ብሎት ከንጋት ጀምሮ ከቡይት ራስ በላይ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሟል።

"ተቀምጠናል" አሉት አያ ላቀው።

ከወዲያ በኩል የተራራው ነፋስ ይሰማል። 

"ተቀመጣችሁ?" አለ ሸጋው።

"ተቀምጠናል ልጄ። በል አንተም አሁን ተቀመጥ።"