አንድ መስመር ብቻ የሚገባበት ሕንፃ

«ልጅዎ መድኃኒቱን የወሰደችው መቼ ነው?»

ከቤቷ ሆና በኢንተርኔት የምታስተረጉመው ተናኘወርቅ የሐኪሙን ጥያቄ በአማርኛ አስተላልፋ መልሱን ጠበቀች። የእናትየዋ ድምፅ ተቆራርጦ መጣ።

«ጠዋት... ሁለት... ከዚያ ደግሞ...»

«ሁለት ማንኪያ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ?»

ኮምፒውተሩ ላይ ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች፤ መስመሩ ጠፋ።

ጠረጴዛው ሥር ገብታ ራውተሩን ነቅላ ሰካችው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ጥሪው ተዘግቷል። አስተርጓሚ ወደ ሆስፒታል መልሶ መደወል አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድላትስ የቱ ሆስፒታል ነው ብላ ትደውላለች? የልጅቷን ስም እንኳ አልሰማችም።

ባሕር ማዶ፣ ፓይን ሌክ አጠገብ ባለው በዚህ አፓርትመንት ኢንተርኔት ከኪራዩ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ቢሠራም ባይሠራም ይከፈላል። ተናኘወርቅ ሕመምተኛ እናቷን ብቻቸውን ትታ መውጣት ስለማትችል ከቤት የሚሠራ ሥራ ከያዘች ቆይታለች፤ ሥራው ደግሞ በዚሁ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እናቷ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቃ ወደ ሕንፃው ቢሮ ሄደች። እዚያ የምትሠራው ፈትያ የድሮ ወዳጇ ናት።

«ትናንት ከሌላ ካምፓኒ ቴክኒሻን አስመጥቼ ነበር። ጌት ላይ መለሳችሁት አሉ?»

ፈትያ ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችው። «የመለሰችው ማናጀሯ ናት፣ ተናኜ። የሕንፃው ባለቤት ሌላ ኬብል ግድግዳዬ ውስጥ አይገባም ብሏል።»

«የፈለግኩትን መምረጥ መብቴ አይደለም እንዴ? አንብቤያለሁ እኮ!»

«እኔም ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ነበር። አሁን ያለው ካምፓኒ 'ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይገባ' ብሎ መዋዋል አይችልም። ባለቤቱ ግን ለሌላው በሩን ካልከፈተ የሚያስገድደው የለም ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ መብቱ ለእኔ ምን አደረገልኝ?»

ፈትያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አቤት ብለሽ ኮምፕሌይን ማድረግ ትችያለሽ። ግን የኪራይ ሊዝሽ ሊያልቅ ነው፤ ውሉ ሳይታደስ ስምሽ ባይነሳ ይሻላል። ምድር ቤት ያለ ሌላ ክፍል ደግሞ በዚህ ዋጋ የትም አታገኚም። እማማን ደረጃ ልታስወጪያቸው ነው?» አለቻት።

«ዛሬ አንዲት ሕፃን ላይ ተቋረጠብኝ።»

«ውይ! ምን ሆነች?»

«ምን አውቃለሁ?» አለች ተናኘወርቅ። «ከእንግዲህም አላውቅም።»

ቤት ስትመለስ እናቷ ነቅተዋል። ትራሳቸውን አስተካክላ፣ ውኃ አጠጥታቸው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማዳመጫውን ከማጥለቋ ጥሪ መጣ፤ ከሆስፒታል ነው። እጇ ወደ መቀበያው ቁልፍ ሄዶ ቆመ። ጥሪው ወደ ሌላ አስተርጓሚ እስኪያልፍ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ሥራ የሚያከፋፍለው ኤርሚያስ ጋ ደወለች።

«የሆስፒታል ጥሪ እንዳትልክብኝ።»

«ምነው? ሥራሽ እኮ አብዛኛው እሱ ነው!»

«መስመሬ አይታመንም።»

«እና ቀይሪው!»

እናቷ እንዳይሰሙ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እዚህ አይቀየርም፣ ኤርሚ። የባንክና የመንጃ ፈቃድ ጥሪዎችን ስጠኝ። እዚያ ቢቋረጥ ሰው ይናደዳል እንጂ አይሞትም።»

የኤርሚያስ ኪቦርድ ድምፅ ተሰማት።

«እሺ፣ ከሆስፒታል ጥሪዎች ዝርዝር አወጣሁሽ» አለ።